ያልጻፍኩት የግርጌ ማስታወሻ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ለውድ ባለቤቴ፣ ለርዕሰ መምህርቷ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? አራተኛ ፎቅ ላይ እንደምታስተምሪ እህትሽ ነገረችኝ፤ ደረጃውን ስትወጪ እያሰብኩ እኔ እዚህ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ። እኔ ደህና ነኝ። የወጥ ቤቱ ጣሪያ ማፍሰሱን አልተወም፣ እኔም አሠራዋለሁ ማለቴን አልተውኩም።

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ሸለሙኝ። አትሳቂ። የአዲሱ የሕዝብ ቆጠራ የመጀመሪያ ውጤት ደርሶ የአሥራ አራቱን ወረዳዎችና የሁለቱን ትልልቅ ከተሞች ዕድገት ጎን ለጎን ስናስቀምጥ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ለእኛ ወረዳ የተነበይኩት ቁጥር በአርባ ሰው ብቻ ተሳስቶ ተገኘ። ኃላፊያችን በሰው ፊት እጄን ጨብጦ የምስክር ወረቀት ሰጠኝ፤ ሁሉም አጨበጨቡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ያንን ቁጥር አልረሳሽውም መቼም። የያኔው ቆጠራ የተደረገው በጥር ነበር፤ የወረዳችን ግማሽ ሕዝብ ጡብ ሊሠራ ከነልጁ ትልቁ ከተማ ዳር በሚሰፍርበት ወር። ቆጣሪዎቹ እዚህ የተዘጋ በር እያንኳኩ "ሰው የለም" ብለው አለፉ፣ ሰዎቹም እዚያው በተገኙበት ተቆጠሩ። በትንበያ ሠንጠረዤ ላይ ከተማውና ዙሪያው በዓመት ከአምስት በመቶ በላይ ሲያድግ፣ የእኛ ወረዳ ሁለት በመቶ ያህል ቀነሰ። አንቺ የትምህርት ቤቱን መዝገብ ታቅፈሽ ቢሮዬ ድረስ መጣሽ። ጡቡ በመጋቢት ሲያልቅ እያንዳንዱ ልጅ ወደ ክፍሉ እንደሚመለስ፣ ይህም በየዓመቱ እንደሆነ፣ ስማቸውን በጣትሽ እየተከተልሽ አሳየሽኝ።

"አንዲት የግርጌ ማስታወሻ ጻፍ። ሌላ ምንም አልለምንህም" አልሽኝ።

ሥራዬ ውስጥ አትግቢብኝ አልኩሽ። ሰነዱ በነጋታው መላክ ነበረበት፤ ደግሞም ሚስቱ አስጻፈችው እንዳይሉኝ ፈራሁ። እስከ ዛሬ የደበቅኩሽን ልንገርሽ፤ አንቺ ሳትመጪም አውቅ ነበር። በጎረቤቶቻችን በር ላይ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር በየማለዳው እያየሁ ነበር ቢሮ የምገባው። እያወቅኩ ነው የላክሁት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺው ታውቂዋለሽ። ሕዝቡ እየቀነሰ ነው ተባለና ትምህርት ቤትሽ ተዘጋ፣ አንቺንም ተራ መምህርት አድርገው ወደ ትልቁ ከተማ አዛወሩሽ። ሰዎቹ ከጡቡ ሲመለሱ ልጆቻቸውን የሚያስገቡበት አጡ። መጀመሪያ አንዱ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ፣ ከዚያ ሌላው ተከተለው። አዲሱ ቆጠራ እኔው ወትውቼ በሐምሌ ተደረገ፣ ጡብ በማይሠራበት ወር። በሮቹ እንደተዘጉ ነበሩ። የተሸለምኩት እንግዲህ ለዚህ ነው።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ፣ ሰባ ሁለት ተማሪ በታጨቀበት ክፍልሽ ውስጥ አሥራ አንዱ የእኛው ሰፈር ልጆች መሆናቸውን ጽፈሽልኝ ነበር። መልስ ሳልሰጥሽ ሦስት ዓመት አለፈ። በምን አፌ ልመልስ? ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በይኝ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በሐምሌ ቆጣሪዋ የእኛንም ቤት አንኳኳች። ራሴ ያሠለጠንኳት ልጅ ናት፤ ስድስት ወር ቤቱ ያልኖረን ሰው እንዳትጽፉ ብዬ አፌ እስኪደርቅ የነገርኳት።

"ጋሼ፣ እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?" አለችኝ።

"ሁለት" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ወንበሩ አንድ፣ ሳህኑ አንድ፣ ብርጭቆው አንድ። ከዚያ ሁለት ብላ ጻፈች። ስምሽን፣ ሥራሽን፣ ዕድሜሽንም አስሞላሁ፤ ሁለት ዓመት ቀንሼልሻለሁ፣ እንዳትቆጪኝ።

በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ሆን ብዬ ቅጽ ላይ ያስጻፍኩት ሐሰት ይህ ብቻ ነው። ማረሚያው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ክፍት ነው። አርመው ካልሽ አንዲት መስመር ጻፊልኝ፣ በማግስቱ ሄጄ አሳርማለሁ። እስከዚያው ግን አልነካውም። የፊተኛው ስህተቴ ቆይቶ እውነት ሆኗል፤ ይኼኛውም ምናልባት ቢሆንልኝ ብዬ ነው።

አሥራ አንዱን ልጆች ሰላም በይልኝ፤ ሰላምታውን ማን እንደላከው ግን አትንገሪያቸው። ፈጣሪ ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ፣ የደከምሽባቸውን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

ባልሽ