ያንተ ቡሽና የእኔ ፕላስቲክ

ተሾምዬ፣ የሰብለ አባት፣

እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልስ የለህም፤ እኔ ግን አለሁ። ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። የእንጦጦ ብርድ ዘንድሮም ሰፈራችን ወሰን ድረስ ወርዶ አጥንቴን ይበላኛል፤ ጋቢህን ደርቤ ነው የምጽፍልህ። ልጃችን ኮንዶሚኒየም ደርሷት የካ አባዶ ገብታለች። እማዬ ነይ አብረን እንኑር እያለች ትነዘንዘኛለች። እምቢ አልኳት። አጥሩ ላይ ያሳደግከውን ወይን ማን ይከረክመዋል?

ሞት ይርሳኝ፣ ዋናውን ሳልነግርህ! የዘመናት ክርክራችን አለቀ።

ወይን ጠምቀን ጠርሙስ በሞላን ቁጥር መቼም ጭቅጭቅ ነበር። አንተ ሆቴል የሚሠራው ጓደኛህ ያጠራቀመልህን ቡሽ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ፣ አንድ በአንድ እያሸተትክ፣ የተሰነጠቀውን ትጥላለህ። ቡሽም ከዛፍ፣ ወይንም ከዛፍ፣ ስለዚህ ይግባባሉ ትል ነበር፤ ፕላስቲክ ግን ባዕድ ነው፣ ወይኑን ያፍነዋል እያልክ። እኔ ደግሞ ከመገናኛ የፕላስቲክ መክደኛ ገዝቼ እመጣና፣ ያንተ ቡሽ ተፈርፍሮ ብርጭቆ ውስጥ ይዋኛል፣ የእኔ ንጹሕ ነው እልሃለሁ። አይ አንተ! ፕላስቲክ የዘይት ክዳን ነው፣ ሚስቴ ወይንና ዘይት አትለይም ብለህ ለምትሠራበት ጋራዥ ሰው ሁሉ አወራህብኝ።

የመጨረሻውን ስንሞላ ግን አልተጨቃጨቅንም። ሞተር ታቅፈህ የምታነሳው ሰውዬ፣ ጥቂት ቡሾች በመዳፍህ ገፍተህ ገፍተህ፣ ላብ አጥምቆህ ተቀመጥክ። የቀሩትን ጠርሙሶች ወደ እኔ አስጠጋሃቸው። በፕላስቲኬ ከደንኳቸው። ምነው በተቆጣኸኝ አልኩ በሆዴ። የያዘህ በሽታ እንደማይለቅህ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ያንተዎቹን አልጋ ሥር አጋደምካቸው፤ ቡሽ ወይኑ ካልነካው ይደርቃል፣ ከደረቀ አየር ያስገባል ብለህ። በለቅሶህ ጊዜ እድርተኞቹ ቤቱን ለሐዘንተኛ ሲያስለቅቁ አገኟቸው። እኛ አገር ጠርሙስ ማን ያጋድማል? እንዳይፈስ ብለው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ አቁመው ጓዳ ደረደሯቸው። እኔ በዚያ ሰዓት እንኳን ጠርሙስ ራሴንም አላውቅ። ዓመቱን ሙሉ እንደቆሙ ከረሙ።

ለሙት ዓመትህ አንተ የከደንከውን ለሰው ላቀምስ አስቤ ነበር። ከእጅህ ሥራ ሌላ ምን ቀረኝ? ሰብለ የመጀመሪያውን ስትከፍት ቡሹ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ቀጥለን የከፈትናቸውም ብዙ አልተሻሉም። ጓዳው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ መርዶህን እንደገና የሰማሁ መሰለኝ። ሰው ደጅ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ምን ይደረግ፣ የእኔን ፕላስቲኮች ከፈትን። ወይኑ ያኔ እንደሞላነው ነው። እህትህ እትዬ አስካለ ቀመሰችና፣ የወንድሜ እጅ እንዲህ ነበር ብላ በነጠላዋ እንባዋን ጠረገች።

አሸነፍኩህ፣ ተሾምዬ። ታዲያ ለማን ልፎክር? አንተ ከሌለህ ማሸነፉ ምን ያደርግልኛል! ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ እንዳጋደምካቸው ቢቆዩ ቡሽህ ባላሳፈረህ ነበር። የሚያስተኛቸው ሰው ነው የጠፋው።

የኮመጠጠውን አልደፋሁትም። አቼቶ ሆኖልኛል፤ ዐቢይ ጾምን ሙሉ ሰላጣ ላይ እያደረግሁ በላሁት። ብታየኝ በሳቅ ትሞት ነበር።

አንድ ያንተ ጠርሙስ ሳይከፈት ቀርቷል። ሰብለ፣ እሱም ኮምጥጧል፣ ምን ያደርግልሻል ትለኛለች። ሳይኮመጥጥ አይቀርም፤ ወይኑን መች ፈለግሁት? ያን ቡሽ መዳፍህ ገፍቶታል። ከዚያ ወዲያ ያ መዳፍ ጉልበት አላገኘም፤ ከእጄ ላይ ውሃ እስከ መጠጣት ደረስክ። እና እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም መክፈቻ አያስጠጋውም፣ ልጅህም ብትሆን። ከጓዳ አውጥቼ አልጋችን ላይ፣ በአንተ በኩል አጋድሜዋለሁ። መጥቼ አጠገብህ እስክተኛ ድረስ አይደርቅብህም።

ያንተዋ ጸዳለ