የአንዲት አቶም ብልጫ ያላሳለፉት እታለም

እታለም እያልን የምንጠራቸው ታላቅ እህታችን ሰዓት ጠጋኝ ከነበሩት አባታችንና አዋላጅ ከነበሩት እናታችን መጋቢት 4 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታችን አራስ ልጅ ሲመዝኑ ቁጥሩን መዝገብ ላይ የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ፤ ያኔ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ናቸው።

በ1969 ዓ.ም. በኬሚስትሪ ተመርቀው በአንድ የመድኃኒት ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ። በ1973 ዓ.ም. ከጂኦግራፊ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

በ1984 ዓ.ም. ቤተ ሙከራው ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለውን የሞለኪውል መመዘኛ ሲያስገባ ኃላፊነቱ ለእሳቸው ተሰጠ። የሚመዝኑት ፔፕታይድ የሚባለውን፣ አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ ተሰክተው የሚሠሩትን የመድኃኒት ሞለኪውል ነው። መሣሪያው ሞለኪውሉን በኤሌክትሪክ ኃይል አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ አስሩጦ ክብደቱን ይናገራል። ዓይን የማያየው ነገር ይመዘናል ሲሉን፣ ወይ ጉድ፣ አፋችንን ከፍተን ነበር የምንሰማቸው።

በመጀመሪያው ዓመት ናሙና በብርጭቆ ዕቃ አስቀምጠው፣ ከብርጭቆው የወጣ ሶዲየም፣ ያው ጨው ውስጥ ያለው፣ ክብደቱን በሃያ ሁለት ሃይድሮጅን አቶም ያህል ቢያሳድግባቸው፣ አዲስ ነገር አገኘሁ ብለው ቢሮውን ሁሉ አዳርሰዋል። ከዚያ ወዲህ ብርጭቆ ከክፍላቸው ተባረረ፤ “ጨው ለድስት ነው” ማለትም ልማዳቸው ሆነ።

በ1988 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው፣ ይህን የምጽፈው እኔ፣ በጠና ታምሜ ሆስፒታል ተኛሁ። ተስፋዬ ያ ቤተ ሙከራ የሚያዘጋጀው የፔፕታይድ መድኃኒት ብቻ ነበር። እታለም ሲመዝኑት ግን ከሚገባው በአንዲት ሃይድሮጅን አቶም ያህል በልጦ ተገኘ። አለቃቸው ጥፋቱ የመሣሪያው ነው አሉ። እናታችን ፈርመው እንዲያሳልፉት ለመኗቸው። እኔም ተቀይሜ፣ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩባቸው። እሳቸው ክብደቱ በታወቀ ፔፕታይድ መሣሪያውን ሦስት ጊዜ ፈተሹ፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። አልፈርምም አሉ። በአሥራ አንደኛው ቀን የሞለኪውሉ ጫፍ በትክክል እንዳልተዘጋ፣ እንደዚያው ቢሰጠኝም ከውኃ እንደማይሻል ተረጋገጠ። እንደገና ተሠርቶ፣ እሳቸው ፈርመውበት መጣልኝና ዳንኩ። በእነዚያ ቀናት ሁሉ ከክፍሌ ውጭ ኮሪደር ላይ ቆመው ሲያለቅሱ እንደነበር ኋላ የነገረችኝ ታስታምመኝ የነበረችው ነርስ ናት።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ባደረባቸው የጉበት ሕመም ሲታከሙም ልትመዝናቸው የመጣችውን ነርስ “መጀመሪያ ሚዛኑን ፈትሺው” ብለዋታል። ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። እኔንም ትተውኛል፤ ሃያ ስምንት ዓመት ጨምረውልኝ ይህን ላነብ በእግሬ ቆሜያለሁ።

እታለሜ፣ ፊቴን ያዞርኩብሽን ይቅር በይኝ። እኛ የማናየውን የሚያይ አምላክ ነፍስሽን በዕቅፉ ያኑርልን።