ሽታ የሌለው ጠርሙስ፦ የእትዬ የሕይወት ታሪክ

በቤተሰብ «እትዬ»፣ በሥራ ቦታ «የአፍንጫዋ ሐኪም» እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት እህታችን፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከአባታቸው መሥሪያ በላይ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሻቸው፣ ቀልደኛው ወንድማቸው ነው። ዛሬ ቀልድ እንዳያበዛ ተመክሯል፤ ቢያመልጠው ይቅር በሉት።

እትዬ በልጅነታቸው ቁጥብ፣ አንድ ነገር ከያዙ ግን የማይለቁ ነበሩ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሊያጠናቅቁ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቤቱ በጋዝ ሽታ ታፍኖ አገኙት። ሲሊንደሩ ያፈስ ነበር። አባታቸው ክብሪት ይዘው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው በሩን በርግደው ሲገቡ «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አሉ። ምንም አልሸተታቸውም ነበር። እናት «ሐሳብ ይዞት ነው» ብለው አለፉት፤ «የአባዬ አፍንጫ» ለብዙ ጊዜ የቤቱ መቀለጃ ሆኖ ከረመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአባት እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሚስማር መያዝ አቃታቸው፤ እርምጃቸው አጠረ፤ በመጨረሻም የልጆቻቸው ስም ጠፋባቸው። የአፍንጫቸውንና የእጃቸውን ነገር ያገናኘ ሰው ከእትዬ በቀር አልነበረም።

በዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ አጥንተው በማዕረግ ተመረቁ። የአንጎልን ሥራና የሰውን ባሕርይ አጥንተው ዶክትሬታቸውን ካገኙ በኋላ በአንድ የጤና ምርምር ተቋም ተቀጥረው፣ በሽታ ሳይገለጥ በፊት በሰው ሰውነትና አመል ላይ የሚታየውን ለውጥ ሲመረምሩ ኖሩ። ክፍላቸው ከኮሪደሩ መጨረሻ ነበረች፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ሁልጊዜ የተከፈተ መስኮት። ሽቶ ተቀብቶ የመጣ ሠራተኛ ከበር ይመለስ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ቡናማ ትንንሽ ጠርሙሶች ይደረደራሉ፦ ሎሚ፣ ሳሙና፣ ቅርንፉድ፣ ቤንዚን። ተመርማሪው ዓይኑን ጨፍኖ አሽትቶ ይናገራል። ከዚያ እትዬ በለሰለሰ ድምፅ ይጠይቁታል፤ ምግብ ላይ ጨው ማብዛት ጀምረሃል ወይ? በእንቅልፍህ ትራገጣለህ ወይ? ማሽተት እንዳቆመ የማያውቀው ሰው ብዙ ነበር።

ትዳር የመሠረቱት ከአንድ መነጽር ሠሪ ጋር ነው። አንዳቸው ዓይን፣ አንዳቸው አፍንጫ ይዘው ሲጋቡ ለእኛ የተረፈን ጆሮ ብቻ ነው እያልን እንስቅ ነበር። አንዲት ሴት ልጅ ወልደው አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር እትዬ ጠርሙሶቹን ይዘው ይመጣሉ። ቤተሰቡ ደግሞ አባትን አይቶ ስለነበር ይፈራል። ስለዚህ መጀመሪያ የተመረመረው ወጥቶ ቅደም ተከተሉን ለቀሩት በሹክሹክታ ያቀብላል፤ የዚህ ሸር አለቃ ወንድማቸው ነበር። ሁላችንም ሙሉ ውጤት እያገኘን እንወጣ ነበር። አንድ ጊዜ እትዬ ለማንም ሳይናገሩ በሳሙናው ጠርሙስ ንጹህ ውሃ ሞሉ። አክስታችን አሽትተው «ኧረ እዚህስ ምንም የለም» ብለው ደነገጡ። ወንድምየው ግን አሽትቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ «ሳሙና ነው፤ ያውም የልብስ» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ አልሳቁም። የቀሩትን ጠርሙሶች ቦታቸውን እያቀያየሩ አቀረቡለት፤ አንዱንም አላወቀም።

በሳምንቱ ቢሯቸው ጠርተው ነገሩት። ማሽተት ማጣት ብቻውን ፍርድ እንዳልሆነ፣ በጉንፋንም በዕድሜም እንደሚመጣ አስረዱት። የአባታቸው ሕመምና የእሱ በእንቅልፍ መራገጥ ሲደመሩ ግን ያው ሕመም እንዳይመጣበት እንደሚሰጉ አልደበቁትም። ሕመሙን ሊያዘገይ የሚችል ለሙከራ የቀረበ መድኃኒት እንዳለ፣ የሚሰጠውም እጁ መንቀጥቀጥ ላልጀመረ ብቻ እንደሆነ ነገሩት። ለራሱ እንዲመዘገብ፣ ሕመሙ በዘር ሊወርድ ስለሚችልም ለደረሱት ሁለት ልጆቹ እንዲነግራቸው አጥብቀው ለመኑት። ወንድምየው የሴት ልጁ ሠርግ ይለፍ አለ። ሠርጉ አለፈ። የወንዱ ልጅ ምረቃ ይለፍ አለ። እሱም አለፈ። ከዚያ በኋላ እትዬ በደወሉ ቁጥር ሰላምታው እንዳለቀ «ነገርካቸው?» ይሉ ነበር። ስልኩ እየጮኸ ትቶት የሚወጣበት ጊዜ መጣ።

ባለፈው ዓመት እትዬ ራሳቸው በኩላሊት ሕመም አልጋ ያዙ። አፍንጫቸው ግን እስከ መጨረሻው አልከዳቸውም፤ ጠያቂ ገና ከበር ሳይገባ ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ወንድማቸው ለመጨረሻ ጊዜ ሲጠይቃቸው እንደ ልማዳቸው «ነገርካቸው?» አሉት። ትራሳቸውን ያመቻችላቸው ጀመር። እጁን ያዙት። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ በኪሱ ይደብቀው ነበር። እትዬ እጁን ሳይለቁ፣ የሕይወት ታሪካቸውን እሱ እንዲጽፍ አዘዙት። የሠሩትን ሁሉ እንዲጽፍ፣ አንዱንም እንዳይዘል አስማሉት። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶታል።

እትዬ በተወለዱ በስልሳ አራት ዓመታቸው፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩን። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ አንድ ወንድማቸውንና የወንድማቸውን ሁለት ልጆች ትተው አልፈዋል። ሁለቱ ልጆች ከፊት ተቀምጠው ይህን ከእናንተ እኩል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሰሙ ነው። አባታቸው ቤት ውስጥ ሊነግራቸው ብዙ ጊዜ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘግቷል። ለእሱ መድኃኒቱ አልፎታል፤ የእነሱ እጅ ግን ገና አይንቀጠቀጥም። የእትዬ ረዳት ከነገ ጀምሮ በዚያችው ክፍል ይጠብቋቸዋል።

ፈጣሪ የደከመችውን ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። ለእነዚህ ልጆችም ይድረስላቸው።