ትርንጎ ፎቶ ተነሣች

ብርቄ ዓለሜ፣

ከተለያየን ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነን። ሙት ዓመትሽን ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን አወጣን። ቅዳሴው ረዝሞብኝ ሰዓቴን ሳይ ታላቅ እኅትሽ በክርኗ ጎሸመችኝ። ይህን የምነግርሽ ጠባዬ እንዳልተለወጠ እንድታውቂ ነው። ሬዲዮው ያው መፈክሩን ያሰማል፤ ቀበሌው ያው እሑድ እሑድ ይሰበስበናል፤ እኔም ያው እበሳጫለሁ።

ቤታችን ግን ተለውጧል። ጥቁሩን ልብስ አውልቀናል። የትርንጎን ፀጉር የምሠራው እኔ ነኝ። በመሐል የማወጣው መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፤ ጉንጉኑ ግን ትምህርት ቤት ሳትደርስ ይፈታል። ጎረቤታችን እማማ ጥሩዬ ባዩዋት ቁጥር «ምነው መምህር፣ ልጂቱን ነፋስ ላይ አሳደሯት?» ይሉኛል።

የጻፍኩልሽ ግን ለሌላ ነገር ነው። ልጅሽ ፎቶ ተነሣች። አዎ፣ ትርንጎ!

የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ለጥምቀት ፒያሳ ፎቶ ቤት የሄድነውን አልረሳሁም። ካሜራውን ስታይ ነጠላሽ ውስጥ ተሸሸገች። እኔም «ቀጥ በይ! ፊትሽን አሳዪ!» እያልኩ ጮኽኩባት። ሰልፍ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አንቺ አቅፈሻት ወጣሽና ደጅ ላይ «ልጅ ናት እኮ፣ የሒሳብ ጥያቄ አይደለችም» አልሽኝ። ሌላ ቀን እንመለሳለን ተባብለን ቀረን። በእኔ ቁጣ ምክንያት ሦስታችን አብረን ያለንበት አንድ ፎቶ እንኳ የለም።

ባለፈው ወር ትርንጎ «የእማዬ አፍንጫ እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳጥኑን ብበረብር ያገኘሁት የሆስፒታል መታወቂያሽ ላይ ያለውን ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ማኅተሙ አፍንጫሽ ላይ አርፎበታል። ማኅተሙን የመታውን ሰው እስካሁን ይቅር አላልኩትም። ከዚያ ግን በራሴ ላይ ፈረድኩ። ነገ እኔም ብሞት ይህች ልጅ ምን ይዛ ትቀራለች? ሐዘናችንን እንዳወጣን እጇን ይዤ ወደዚያው ፎቶ ቤት ሄድኩ። ስንሄድ፣ ዛሬ ድምፄን ከፍ ካደረግሁ ሁለተኛ እንደማትመጣልኝ አውቅ ነበር።

አያ ይርጋ፣ ባለፎቶ ቤቱ፣ ያቺን አሮጌ የእንጨት ካሜራ በሦስት እግሯ አቁሟታል። ትርንጎ ገና ስታያት ከበሩ ጀርባ ገባች። እሷን ላለመቆጣት ስል ዓይኔን ወደ ግድግዳው ባዞር ምን አየሁ መሰለሽ? አዲስ መጋረጃ አሠርቷል፤ የፋሲል ግንብ ተስሎበታል፤ ጉልላቱ አምስት! እውነተኛው ግንብ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሠዓሊው ሄዶ መቁጠር አቅቶታል። በቃ፣ ያመቅሁት ሁሉ በአያ ይርጋ ላይ ወጣ። መጋረጃው ፊት ቆሜ በጣቴ እየጠቆምኩ «አራት ማዕዘን፣ አራት ጉልላት!» እላለሁ። እሱ ደግሞ «አምስተኛው ለሸጋነት ነው መምህር፣ ማንም ተቆጥቶበት አያውቅም» ይለኛል።

በመሐሉ ከካሜራው በኩል ሳቅ ሰማን። ትርንጎ ከካሜራው ጀርባ በተንጠለጠለው ጥቁር ጨርቅ ሥር ገብታለች። በዚያ በካሜራው የኋላ መስታወት ሰው ተገልብጦ ነው የሚታየው። «አባባ ቁልቁል ተሰቅሏል!» ብላ ጮኸች። «ቁልቁል ተሰቅሎም ይቆጣል!»

ብርቄ፣ እንዲህ ስትስቅ ካንቺ ወዲህ አልሰማኋትም። አያ ይርጋ ብልህ ነው፤ ቀስ ብሎ «ይቆጡኝ መምህር፣ አያቁሙ» አለኝ። እኔም ተቆጣሁለት። እጄን አወናጨፍኩ፤ አምስተኛውን ጉልላት ከሥራ አባረርኩት፤ ደመወዙንም ከለከልኩት። እሷ ጨርቁ ሥር ሆና በእግሯ ወለሉን ትመታለች። ከዚያ ወጥታ «አሁን ያንተ ተራ ነው፤ እኔን እይ» አለችኝና መጋረጃው ፊት ራሷ ሄዳ ቆመች፤ ማንም ሳይጎትታት፣ እጆቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ።

ጨርቁ ሥር ጎንበስ አልኩ። ልጄ ተገልብጣ፣ ጫማዋ ወደ ላይ፣ ፊቷ ወደ ታች ሆኖ አየኋት። ያ ግንባር ያንቺ ነው። ልክ መሐል ላይ የምትወጣው ስርጉድ ሳትቀር። ሰባት ዓመት ሙሉ ቀጥ ብላ ቆማ ሳያት አላስተዋልኩትም ነበር። አያ ይርጋ ጉሮሮውን እስኪጠርግ ድረስ ከጨርቁ ሥር አልወጣሁም።

በመጨረሻ ጎን ለጎን ቆምን። አያ ይርጋ «እንዳትተነፍሱ» ሲል ትርንጎ ጆሮዬ ሥር «አባባ፣ አምስተኛው ይቅርታ ጠየቀ» አለችኝ።

ፎቶውን በሦስተኛው ቀን ወሰድን። ትርንጎ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ጥርት ብላ ወጥታለች፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ክፍተቱ ይታያል። እኔ ግን ስስቅ ተነቃንቄ አፍንጫዬ ሁለት ሆኗል። አያ ይርጋ አፍሮ «እንድገመው መምህር?» አለኝ። በቀይ እስክሪብቶ ስሕተት ሳርም የኖርኩ ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ። ይህን ግን «ተወው» አልኩት።

ትርንጎ ጥርሷ ሲበቅል እንደገና እንነሣ ብላለች። እኔም ቃል ገብቼላታለሁ፤ ላንቺም እገባልሻለሁ። በየዓመቱ፣ ከመታሰቢያሽ ቅዳሴ በኋላ፣ እንነሣለን። ቀጥ በይ አልላትም። ከፎቶው ጀርባ ላይም፣ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ግልጽ እንዲሆን፣ በየጊዜው ይህንኑ እጽፋለሁ፦ «ከግራ ወደ ቀኝ ትርንጎና አባቷ፤ በትርንጎ ግንባር ላይ፣ እናቷ ብርቄ።»