ስለ ሲሚንቶው ግድብና ስለ ታኦ

ውድ አባየ፣

ከተለዩን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። እናቴ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ አስቸግሯታል። ቤቱን ቆርቆሮ አልብሰነዋል። እኔ ግን ደክሞኛል አባየ። ጠዋት ጅጋ ከተማ አስተምራለሁ፣ ከሰዓት የአንድ ለአምስት ስብሰባ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ጅረቱ ይጠብቀኛል። ሰዉ የእርስዎ ልጅ ነው ብሎ በእርስዎ ቦታ የውሃ አባት አድርጎ መረጠኝ፤ የመስኖውን ተራ የማከፋፍለው እኔ ነኝ።

ካቻምና ክረምት፣ ለዲግሪዬ ስማር፣ ፍልስፍና ወስጄ ነበር። አንዱ ምዕራፍ ስለ ታኦ ነው፤ የጥንት የቻይና ጠቢባን እምነት። ታኦ ማለት መንገድ ነው ይላሉ፤ ሁሉ የሚወጣበትና የሚመለስበት፣ በስም ተጠርቶ የማያልቅ። ሰው አብሮት ሲሄድ ይቀናዋል፣ ሲታገለው ይደክማል። ዉ ዌይ የሚሉት ትምህርት አላቸው፤ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ሳይሆን ነገርን ከጠባዩ ውጭ አለማስገደድ ነው። ብርሃንና ጨለማ፣ ጠንካራና ለስላሳ፣ ዪንና ያንግ ይሏቸዋል፤ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። ርኅራኄን፣ ቁጥብነትንና ለመቅደም አለመሽቀዳደምን እንደ ሀብት ይይዛሉ። ከሁሉ ውሃን ያደንቃሉ፤ ዝቅ ወዳለው ይወርዳል፣ ሁሉን ይጠቅማል፣ ድንጋዩን ግን ይበላዋል። በዚያ ፈተና ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ።

ከዚያ መጥቼ ግድብዎን አፈረስኩ። ምነው እጄን በቆረጠው! በየጥቅምቱ ሰዉን ሰብስበው በድንጋይ፣ በሣርና በቅጠል የሚሠሩት፣ ሁልጊዜ የሚያፈስ ግድብ ነበር። ለምን ያፈሳል ስልዎት፣ ከታች ያለው ምን ይጠጣ ብለውኝ ነበር፤ የስንፍና መልስ መስሎኝ ሳቅሁ። ከቡሬ ሲሚንቶ አስመጥቼ ጠብታ እንዳታልፍ ደፈንኩት።

መጋቢት ላይ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። ውሃው መውጫ ቢያጣ ዳሩን ቦርቡሮ የጎረቤታችንን የአያ ሙላትን የሽንኩርት መደብ ጠራርጎ ሄደ። አያ ሙላት አልተቆጡም። የተማረ ልጅ አለን ብለን ነበር አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አልመለሱም። ከእርስዎ ጋር አንድ ጽዋ የጠጡ ሰው ናቸውና ከሞትዎ ቀጥሎ የከበደኝ ይኸው ነው። እርስዎ ታኦ ቢሉዎት የመድኃኒት ስም ይመስልዎት ነበር፤ እኔ በወረቀት ያወቅሁትን እርስዎ በእጅዎ ያውቁት ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሲሚንቶውን በመዶሻ ማፍረስ ጀመርኩ። አፍሬ ማንንም አልጠራሁም። ረፋዱ ላይ አያ ሙላት ዶማቸውን ይዘው መጡና ከጎኔ ይቆፍሩ ጀመር። ሌሎቹም ሣርና ድንጋይ ተሸክመው ተከተሉ። ሲያልቅ ግድባችንን ሠራን እየተባባሉ ተበተኑ፤ የእኔን ስም ያነሳ የለም። አያ ሙላት ግን ሊሄዱ ሲሉ ነገ ተራው የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። በሰባት ወር የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር። የእርስዎ ነው አልኳቸው።

አባየ፣ እርስዎን ማስታወስ ማለት ከእንግዲህ ለእኔ በየጥቅምቱ ጭቃ ውስጥ መቆም ነው። ደክሞኛል፤ ግን እቆማለሁ።

ልጅዎ