የለሁም በያቸው

ለምወድሽና ለምፈራሽ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ያ የጎን ውጋት ትንሽ ፋታ ሰጠሽ? የአባዬ ሳልስ ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁን ከቆጠራችሁት ግን ግማሽ ደህና ነኝ።

ሐኪሙ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኦፕራሲዮን አድርጎ የሐሞት ጠጠርሽን እንደሚያወጣ እህቴ በስልክ ነገረችኝ። ሐሞተ ኮስታራ መሆንሽን አገር ያውቃል፤ ጠጠር ማፍራቱ ግን በዛ። ያልጠበቅሁት ሌላውን ነው። የንስሐ አባታችን አባ ቅዱሱን ዘይት ሊቀቡሽ ቢመጡ ብርድ ልብስ ተከናንበሽ ለእህቴ፣ «የለሁም በያቸው!» ብለሽ ራስሽ ጮኽሽ አሉ። አባም ከደጅ ሆነው፣ «እንግዲያው ሲመጡ መምጣቴን ንገሯቸው» ብለው ተመለሱ። ስስቅ ካቻቪቴው ከእጄ ወድቆ እግሬን መታኝ። ኋላ ግን አለቀስኩ።

«ቄስ ዘይት ይዞ ከገባ ሬሳ ይወጣል» ትያለሽ አሉ። ማስረጃሽም ጎረቤታችን አናጢው ነው፤ ጠዋት ተቀብቶ ማታ ሞተ። ግን ቄስ የተጠራለት መቼ ነው? አንደበቱ ከተዘጋ በኋላ! እኛም ጋራዥ እንዲህ ያለ ደንበኛ ሞልቷል። ሞተሩ ከተቃጠለ በኋላ መኪናውን አስጎትቶ ያመጣና ዘይት ቀይሩልኝ ይላል፤ አልነሣ ሲለው ዘይቱን ይረግማል። ሐዋርያው እኮ የታመመ ካህናትን ያስጠራ አለ እንጂ የሞተ ያስጠራ አላለም። ሬሳማ በምን አፉ ይጣራል? ቅባቱ ሐኪሙን ይተካል አላልኩሽም። ኃጢአትን ያስተሰርያል፣ ልብን ያበረታል፣ እግዚአብሔር ከፈቀደ ሥጋንም ይፈውሳል። ሌላ ጊዜ ቢያምሽ ደግሞ ትቀቢያለሽ፤ የሞት ቢሆን ኖሮ መች ይደገም ነበር?

«ዘይት መቀባቱን ምስጢረ ቀንዲል ካሉት ምስጢርነቱ የታለ? ጎረቤት ሁሉ መታመሜን ሊያውቅ?» ማለትሽንም ሰምቻለሁ። ምስጢር የተባለው በሚታየው ዘይት የማይታይ ጸጋ ስለሚሰጥ ነው እንጂ ከጎረቤት ስለሚደበቅ አይደለም። መታመምሽንማ ያን ቀን በጩኸትሽ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

አብሮኝ የሚሠራው ኤሌክትሪሺያንም፣ «እግዚአብሔር ልብ ያያል፤ ዘይት ምን ይሠራል?» ብሎ ሞግቶኝ ነበር። ሕፃን ልጅ አለችው፤ ጠዋት ጠዋት ሳይስማት ከቤት አይወጣም። «መውደድህ በልብህ ካለ ከንፈርህን ለምን ታደክማለህ?» አልኩት። ያልጠፋ ብሎን መፈለግ ጀመረ።

እማዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ አንቺ ባትፈሪም የእኔ ሐሞት ፈሷል። ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ስትገቢ እጅሽን መያዝ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ጋራዡ ስለማይለቀኝ አልደርስም። አባ ግንባርሽንና መዳፍሽን ሲቀቡ ግን ጌታ ራሱ እጅሽን እንደሚይዝልኝ አምናለሁ። ብቻሽን አትግቢብኝ።

አባዬን ጉልበታቸውን ስሜአለሁ በይልኝ። የእህቴን ሕፃን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳሚልኝ። አንቺም እህቴ፣ ይህን ስታነቢላት አንድ መስመር እንዳትዘዪ። አንብበሽ ስትጨርሺ እማዬ ከተቆጣች ተያት፣ ይወጣላት። ዝም ካለች ግን ፈርታለችና ነጠላሽን እንኳ ሳትፈልጊ ሮጠሽ አባን ጥሪያቸው።

ልጅሽ መካኒኳ
ከጋራዡ ጀርባ ካለችው ክፍል
ጥቅምት 9 ቀን