በየገበያው ስለሚፈታው የጅራታ ጣት

መቱ፣ ኅዳር ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.

ለክቡር የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪያችን፤

ክቡርነትዎን በታላቅ አክብሮት እጅ እየነሣሁ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በተለይም አሥሩም ጣቶችዎ፣ በሙሉ ጤና እንዲሰነብቱ እመኛለሁ።

ይህን ለመጻፍ ያበቃኝ ጎረቤቴ ጅራታ በዳሳ ነው። ጅራታ በጫካ ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀለ በማር የሚተዳደር ሰው ነው። በመስከረም በሁሩሙ መንገድ ለሕዝብ ሥራ ድንጋይ ሲያንከባልል የቀኝ እጁ አመልካች ጣት ጫፉን ተመታና ጣቱን የሚያቃናው ጅማት ተበጠሰ። ጫፉ ተንጠልጥሎ ቀረ። የክሊኒኩ ድሬሰር በቀርከሃ ስንጥር ቀጥ አድርጎ አሠረለትና፣ ጅማቱ እስኪገናኝ ሁለት ወር ያህል ለአፍታም እንዳይታጠፍ፣ አንዴ ከታጠፈ ሕክምናው እንደ አዲስ እንደሚጀመር አስጠነቀቀው።

ከዚያ ወዲህ ለተደረገለት ሁሉ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ዓምና ዲንቃ የሚባል ሰው ደኅና ጣቱን በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ከመንገድ ሥራ ስለ ቀረ፣ የታሠረ ቁስል ሁሉ በየገበያው ቀን በሕዝብ ፊት ተፈትቶ እንዲታይ አዝዘዋል። ዲንቃ ዛሬ በዚያው ጣቱ የጠጅ ዋንጫ ይዞ ይውላል፤ ቅጣቱን ጅራታ ይፈጽምለታል።

ሁለተኛ፣ ምርመራውን ለሌላ ሳይተዉ በገዛ እጅዎ ያካሂዳሉ። ስንጥሩን አስፈትተው፣ ጫፉን ተጭነው ካጠፉት በኋላ «ይኸው፣ ገና አልዳነም» ብለው ሲፈርዱ ገበያተኛው ሁሉ ሰምቷል። ፍርዱ ትክክል ነው። ድሬሰሩ ያሥራል፣ ክቡርነትዎ ይፈታሉ፤ ጅማቱ ለማን እንደሚታዘዝ ግራ ገብቶታል።

ሦስተኛ፣ ሳይድን ሥራ እንዳይገባ ይራሩለታል፤ ስላልዳነም እንዲቀርብ ያስገድዱታል። ቢቀር አመፀኛ ተብሎ ይታሰራል፤ ቢቀርብ ጣቱ ይታጠፋል። የተንጠለጠለ ጣት በመውጫው ገመድ ላይ ስለሚጠለፍ ዛፍ መውጣት አልቻለም፤ በያዮ ጫካ የሰቀላቸውን ቀፎዎች ሌላ ሰው ያወርዳቸዋል። ባለቤቱ ዲሪቤ «ጋሼ፣ በእንቅልፍ ልቡ እንዳያጥፈው ጣቱን ይዤ ነው የማድረው፤ ሹሙን ምን በድለናቸው ነው?» ብላኛለች። መልሱን ለክቡርነትዎ ትቼዋለሁ።

ድሬሰሩ እንደሚለው ጅማቱ አንድ ጊዜ ደግሞ ከተላቀቀ ጣቱ እንደ ጎበጠ ይቀራል። ስለዚህ በመጪው ገበያ ምርመራው በዓይንዎ ብቻ እንዲሆን፣ እጅዎንም እንዲያሳርፉት በትሕትና እለምናለሁ።

የክቡርነትዎን ትጋት ከሩቅ ማድነቅ የሚበቃው ታዛዥ አገልጋይዎ፣
ምንዳዬ ፈንታሁን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጅራታ ትናንት ቢሮዎ መጥቶ፣ የጣቱ ጫፍ ቢቆረጥ በየገበያው መቅረቡ ይቀርለት እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ጸሐፊዎ ለተቆረጠ ጣት ምርመራ እንደማያስፈልግ በጨዋ ደንብ አስረድቶታል። ዛሬ ጠዋት ዲሪቤ የቤታቸውን መጥረቢያ አምጥታ እኔ ዘንድ ደብቃለች። ክቡርነትዎ ግን እባክዎ ይፍጠኑ፤ በመንደራችን መጥረቢያ የሌለው ቤት የለም።